መስመሩ መንገዱ አይደለም
ስለ እንቅስቃሴ ግራፍ አነባበብና ስለ ጣና ሐይቅ

የፊዚክስ ክፍል ጓደኞቻችን ይህን ርእስ ሲያዩ «ደግሞ የታሪክና የሥነ ጽሑፍ ልጆችን በግራፍ ምን አገባቸው?» ማለታቸው እንደማይቀር እናውቃለን። ይበሉ። እኛ ግን ግራፍ ከስሌት በፊት የሚነበብ ነገር ነው ባዮች ነን፤ የሚነበብ ነገር ሁሉ ደግሞ የኛም ጉዳይ ነው። ግጥም በተሳሳተ አነባበብ እንደሚበላሽ ሁሉ ግራፍም ይበላሻል። ልዩነቱ፣ ግጥም በስሕተት ሲነበብ የሚከፋው ገጣሚው ሲሆን፣ ግራፍ በስሕተት ሲነበብ ግን ሐይቅ ሊጎድል፣ ጀልባ ሊቆም ይችላል። ይህንንም ወደ ኋላ ከራሳችን ከጣና ታሪክ እናሳያለን።

ባሕር ዳር የብስክሌት ከተማ ናት። እስቲ አንድ ብስክሌተኛ ከሐይቁ ዳር ተነሣ እንበል። በወረቀቱ ላይ አግድሙ መስመር ሰዓቱን፣ ቋሚው መስመር ልጁ ከሐይቁ ዳር የራቀውን ርቀት ይይዛል። ግራፉ መጀመሪያ ሽቅብ ይወጣል፤ ቀጥሎ ጥቂት ጠፍጣፋ ሆኖ ይሄዳል፤ በመጨረሻ ቁልቁል ይወርዳል። ይህ ልጅ ምን አደረገ? ዘጠነኛ ክፍልን ያለፈ ሰው ሁሉ ይጠየቅ። ብዙው ሰው ሳያመነታ «ቤዛዊት ተራራ ወጣ፤ አናቱ ላይ ሜዳ ሜዳውን ነዳ፤ ከዚያ ወረደ» ይላል።

ኧረ የለም! ልጁ ከሐይቁ እየራቀ ሄደ፤ አንድ ቦታ ላይ ቆመ (ማኪያቶ እየጠጣም ይሆናል)፤ ከዚያ ወደ መጣበት ተመለሰ። መንገዱ ከዳር እስከ ዳር እንደ ጠረጴዛ የተደለደለ ሊሆን ይችላል። «ሜዳ» ያልነው ቦታ ልጁ ጨርሶ ያልተንቀሳቀሰበት ጊዜ ነው። ዳገት ያልነው ፍጥነት ነው። መስመሩ የጊዜና የርቀት ዝምድና እንጂ የመንገዱ ሥዕል አይደለም።

ይህ በሽታ ያገራችን ተማሪ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1987 ሊሊያን ማክደርሞትና ባልደረቦቿ በአሜሪካ፣ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ፣ ተማሪዎች ግራፍን ከእውነተኛ እንቅስቃሴ ጋር ለማገናኘት እንዴት እንደሚቸገሩ ጻፉ። በ1994 ደግሞ ሮበርት ባይክነር የተባለ የፊዚክስ መምህር 21 ጥያቄ ያለው ፈተና አዘጋጅቶ የሁለተኛ ደረጃና የኮሌጅ ተማሪዎችን ፈተነ። አማካይ ውጤቱ ከመቶ 40 ገደማ ሆነ። የሚያስገርመው ደግሞ፣ ተፈታኞቹ ትምህርቱን ተምረው የጨረሱ መሆናቸው ነው። ከተገኙት ስሕተቶች ሁለቱ ጎልተው ይታያሉ፤ አንደኛው ከላይ ያየነው፣ ግራፍን እንደ ሥዕል ማየት ነው። ሁለተኛው የመስመሩን ከፍታ ከመስመሩ ስሎፕ፣ ማለትም ከተዳፋትነቱ፣ ጋር ማምታታት ነው። የመጀመሪያው ያስቃል። ሁለተኛው ግን አያስቅም።

ለመሆኑ ዓይናችን ለምን ይታለላል? ሥዕል እንደ ሥዕል መታየት ያለበት ስለሚመስለን ነው። ነገር ግን ዘጌ ሄዶ የኡራ ኪዳነ ምሕረትን ግድግዳ ያየ ሰው ሥዕልም ቢሆን ትምህርት እንደሚፈልግ ያውቃል። በቤተ ክርስቲያናችን ሥዕል ጻድቁ ሁለት ዓይኑ እየታየ ፊት ለፊት ይሣላል፤ ከሐዲውና ሰይጣኑ ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን። ይህን ሥርዓት ያልተማረ እንግዳ «ኃጥኣን ሁሉ አንድ ዓይና ነበሩ ማለት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። አንድ ዓይን ምልክት ነው እንጂ የሰውየው መልክ አይደለም። የግራፍ ዳገትም እንዲሁ ምልክት ነው። እኛ ልጅ ሆነን ስለ ሥዕሉ የሚነግረን የቄስ ተማሪ ወይም አያት ነበረን፤ ስለ ግራፉ ግን አብዛኛውን ጊዜ የተነገረን ፎርሙላው ብቻ ነው።

ወደ ታሪኩ እንግባ። እንቅስቃሴን በመስመር የመሣል ሐሳብ በፓሪስ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ካህንና ፈላስፋ ኒኮል ኦሬም እ.ኤ.አ. በ1350ዎቹ ያስፋፋው ነው። ጊዜው በኛ በኩል የዐፄ ሰይፈ አርዕድ ዘመን ሲሆን፣ 14ኛው ክፍለ ዘመን በጣና ደሴቶች ላይ የገዳማት ሕይወት የተስፋፋበት ነው። ኦሬም አንድ አግድም መስመር አሠመረና «ይህ ጊዜ ነው» አለ። በመስመሩ ላይ በየነጥቡ ቋሚ መስመሮችን አቆመና «እነዚህ ደግሞ በየቅጽበቱ ያለው የፍጥነት መጠን ናቸው» አለ። ፍጥነቱ የማይለወጥ ከሆነ ቅርጹ አራት ማዕዘን ይሆናል። ከዜሮ ተነሥቶ እኩል በእኩል እየጨመረ ከሄደ ሦስት ማዕዘን ይወጣል። ቀጥሎ ያለው ነገር ነው ትልቁ፤ የቅርጹ ስፋት የተጓዘው ርቀት ነው። ሦስት ማዕዘኑም በግማሽ ቁመቱ ከተሠራ አራት ማዕዘን ጋር ስፋቱ እኩል ስለሆነ፣ እየፈጠነ የሄደው ሰው በአማካዩ ፍጥነት ካዘገመው ጋር እኩል መንገድ ሄዷል። ጋሊሌዮ እ.ኤ.አ. በ1638 ባሳተመው መጽሐፍ የሚወድቅ አካልን እንቅስቃሴ ሲያስረዳ የተጠቀመው ይህንኑ ዓይነት ሦስት ማዕዘን ነው። (ዐፄ ፋሲለደስ ጎንደርን መቀመጫቸው ካደረጉ ሁለት ዓመት አልፎ ነበር።)

ነገር ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ኦሬም አንዳችም ነገር አልለካም። ግራፉ ቁጥር አልነበረውም፤ የሐሳብ ግራፍ ነበር።

በሌላው ወገን ደግሞ ቁጥር ኖሮ መስመር የታጣበት አገር ነበረ፤ ታሪኩም የኛኑ ውኃ ይነካል። በካይሮ፣ በሮዳ ደሴት ላይ እ.ኤ.አ. በ861 የተሠራ የዓባይ መለኪያ ጉድጓድ አለ። መካከሉ ላይ በክንድ የተከፋፈለ ዓምድ ቆሟል። ክረምት ሲሆን ውኃው በዓምዱ ላይ ስንት ክንድ እንደ ወጣ ይነበባል፤ የዓመቱም ግብር በዚያ ይገመታል። የጎርፉ አብዛኛው ውኃ ከኛ ደጋ የወረደ ነው። ለብዙ መቶ ዓመታት የተጻፈ የውኃ ከፍታ መዝገብ ይኸውላችሁ! ሆኖም የቁጥር ዝርዝር ነበር እንጂ ግራፍ አልነበረም። በጊዜ ላይ የሚለዋወጥን የተቆጠረ ነገር በመስመር አድርጎ ለሕዝብ ማቅረቡ የተለመደው እንግሊዝ አገር ይሠራ የነበረው ስኮትላንዳዊው ዊልያም ፕሌይፌር እ.ኤ.አ. በ1786 የንግድ ግራፎቹን ካሳተመ ወዲህ ነው። ፓሪስ መስመሩን፣ ካይሮ ቁጥሩን ይዘው ስንት ዘመን ተለያይተው ኖሩ።

አሁን ወደ ሐይቃችን እንመለስና አንድ እንቅስቃሴ አብረን እናንብብ። ለብዙ ዓመታት አንዲት የሕዝብ ጀልባ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ እሑድ ጧት ከባሕር ዳር ተነሥታ፣ ደቅ ደሴትን፣ ቁንዝላንና ደልጊን እየነካች፣ ቁንዝላ አድራ በማግሥቱ ጎርጎራ ትገባ ነበር። ይህን ጉዞ በግራፍ እንሥራው። በአግድሙ ሰዓቱን፣ በቋሚው ጀልባዋ የሄደችበትን የውኃ መንገድ ርዝመት ከባሕር ዳር ጀምረን እናስቀምጥ። ጀልባዋ ወደ ደቅ ስትሄድ መስመሩ ይወጣል። ደቅ ላይ ነጋዴው እህሉን፣ እናቶች ዶሯቸውን ሲያወርዱና ሲጭኑ መስመሩ ይጠፈጠፋል። ከሁሉ ረጅሙ ጠፍጣፋ የቁንዝላ ሌሊት ነው። ሐይቁ ላይ ማዕበል ይነሣ አይነሣ፣ ጀልባዋ ወደ ምዕራብ ትታጠፍ ወደ ሰሜን፣ ግራፉ አያውቅም፤ አልተጠየቀማ!

ሰዓቱን በተመለከተ አንድ ጨዋታ አለ። የኛ ሰዓት ዜሮው ጎሕ ሲቀድ ነው። ጧት አንድ ሰዓት ማለት ከብርሃን አንድ ሰዓት አለፈ ማለት ነው። ፈረንጁ ያንኑ ቅጽበት ሰባት ሰዓት ይለዋል። ሁለት ሰዎች ያንኑ ጉዞ በሁለቱ አቆጣጠር ቢሥሉት መስመሩ በወረቀቱ ላይ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ይገፋል እንጂ ተዳፋትነቱ በጭራሽ አይለወጥም። ጀልባዋ በማን ሰዓት እንደምንቆጥር ደንታ የላትም። ስሎፕ ልዩነትን በልዩነት ማካፈል ነው፤ ዜሮው የትም ቢሆን ልዩነቱ ያው ነው። ይህን ነገር ከመጽሐፍ ይልቅ ከራሳችን የእጅ ሰዓት በቀላሉ መማር ይቻል ነበር።

ስትመለስ መስመሩ ይወርዳል፤ ከባሕር ዳር ያላት ርቀት እየቀነሰ ነውና። ይኸው የመልስ ጉዞ በፍጥነትና በጊዜ ግራፍ ሲሠራ ደግሞ መስመሩ ከዜሮ በታች ይወርዳል። እዚህ ላይ ቀልደኛ «እንዴ፣ ሰጠመች?» ሊል ይችላል። ከዜሮ በታች ማለት ከውኃ በታች ማለት ሳይሆን አቅጣጫዋን አዞረች ማለት ነው። በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ለሦስት ሰዓት ብትሄድ፣ የአራት ማዕዘኑ ስፋት 30 ኪሎ ሜትር ነው፤ የኦሬም ነገር መጣ አይደል?

ሌላም አለ። አንድ የዘጌ ሰው እንጨት በታንኳ ጭኖ ወደ ባሕር ዳር ገበያ ሲመጣ ጀልባዋን መንገድ ላይ አገኛት እንበል። በርቀት ግራፍ ላይ የሁለቱ መስመሮች መቋረጥ ሁለቱም በዚያች ቅጽበት ከባሕር ዳር እኩል ርቀት ላይ ናቸው ማለት ነው። በፍጥነት ግራፍ ላይ ሁለት መስመሮች ቢቋረጡ ግን ፍጥነታቸው እኩል ሆነ ማለት ብቻ ነው፤ አንዱ ጎርጎራ፣ ሌላው ዘጌ ሊሆን ይችላል። ያው መስቀለኛ ቅርጽ፣ በቋሚው መስመር ላይ የተጻፈው ቃል ሲለወጥ ትርጉሙ ይገለበጣል። እኛ በሥነ ጽሑፍ ክፍል «ዐውድ» የምንለው ይህንኑ አይደለም እንዴ?

ቃልን ካነሣን፣ በአማርኛ የሳይንስ መጻሕፍት ውስጥ «ቶሎታ» እና «ሽምጠጣ» የሚባሉ ቃላት አሉ። ሽምጠጣ የፍጥነት መጨመር ነው፤ ፈረስ ሽምጥ ሲጋልብ ማለት ነውና እንዴት ያለ ግሩም ቃል ነው! የሚያሳዝነው፣ ተማሪው ሁለተኛ ደረጃ ሲደርስ ፈረሱን ትቶ በእንግሊዝኛው ቃል እንደ አዲስ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ደግሞ ለዓመታት በ«ፕላዝማ» ትምህርት የተማሩ ታላላቆቻችን ግራፉ በቴሌቪዥኑ ላይ ራሱን በራሱ ሲሥል እያዩ፣ ደብተራቸው ላይ ሳይገለብጡት ሌላው ይተካ ነበር ይላሉ። የራሱን እንቅስቃሴ ከተማሪው ፍጥነት ጋር ያላመዛዘነ የእንቅስቃሴ ትምህርት ማለት ይህ ነው። ውጤቱም ከክፍል ውጭ ይታያል። ራዲዮ «የዋጋ ንረቱ ቀነሰ» ሲል ስንቱ ሰው «ታዲያ ጤፉ የታል የረከሰው?» ብሎ ይናደዳል። የቀነሰው ስሎፑ ነው፤ ዋጋው አሁንም ሽቅብ እየወጣ ነው።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ጣና ራሱ የሚንቀሳቀስ አካል ነው። ወደ ጎን ባይሄድም ይወጣል፣ ይወርዳል። ይህን መውጣትና መውረድ ለማወቅ መጀመሪያ የጓጉት ሌሎች ነበሩ። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር ባደረጉት ውል፣ ያለ እንግሊዝና ያለ ሱዳን መንግሥት ስምምነት በዓባይ፣ በጣናና በሶባት ላይ ውኃውን የሚያግድ ሥራ እንዳይሠራ ተባለ። እ.ኤ.አ. በ1920 እና 1921 ግራብሃምና ብላክ የሚባሉ ሰዎች ሐይቁን አጠኑ። ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1927 አሜሪካ ሄደው ጄ. ጂ. ዋይት ከተባለው የምሕንድስና ኩባንያ ጋር ስለ ጣና ግድብ ተነጋገሩ፤ ኩባንያው በ1930 እና 1931 ቅየሳ አካሄደ፤ ነገሩ ሳይፈጸም የጣልያን ወረራ ደረሰ። ከነጻነት በኋላ የአሜሪካ የመስኖና የግድብ መሥሪያ ቤት የዓባይን ሸለቆ አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1964 ሰፊ ሪፖርት አወጣ። የሐይቁ ከፍታ ባሕር ዳር ላይ በተከታታይ መመዝገብ የጀመረውም በ1950ዎቹ ዓ.ም. ነው። ፖሊ ቴክኒኩ በ1955፣ የጢስ ዓባይ የመጀመሪያው ጣቢያ በ1956 ተከፈቱ። ከተማችንና የሐይቁ ግራፍ እኩያሞች ናቸው ማለት እንችላለን።

ይህ ግራፍ ሲታይ እንዴት ያምራል! ሐይቁ ከፍተኛው ላይ የሚደርሰው በመስከረም፣ ዝቅተኛው ላይ የሚደርሰው በሰኔ ነው። በፈረንጅ ዓመት የተሣለው ግራፍ ጥር ላይ፣ በወረደው መካከል ይጀምራል። በኛ ዓመት ብትሥሉት ግን እንቁጣጣሽ ጫፉ አጠገብ ይውላል፤ መስመሩ ዘጠኝ ወር ወርዶ ክረምት ሲገባ ይወጣል። በወትሮው ዓመት ልዩነቱ 1.6 ሜትር ገደማ ነው። ይህን በቀን እናካፍለው። መውረጃው 260 ቀን ያህል ቢሆን፣ በቀን ስድስት ሚሊ ሜትር ነው። መውጫው 100 ቀን ቢሆን፣ በቀን 16 ሚሊ ሜትር። ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ሲሞሉ ሐይቁ ሽምጥ ይወጣል፤ ሲወርድ ግን በዝግታ ነው፤ ማንም አያየውም።

አሁን ሌላ ስሌት እንጨምር። የሐይቁ ስፋት 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሰከንድ 100 ሜትር ኩብ ውኃ ብናወጣ በቀን 8.64 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ይሆናል፤ ይህ በሐይቁ ላይ ሲከፋፈል ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ሦስት ሚሊ ሜትር! ጫማ አያርስም። በ270 ቀን ግን 80 ሴንቲ ሜትር ነው።

በ1988 ዓ.ም. ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አፍ ላይ የጨረጨራ ግድብ ሁለት በሮች ተሠሩ፤ በ1993 አምስት ተጨምረው ሰባት ሆኑ። ሁለተኛው የጢስ ዓባይ ጣቢያም በዚያው በ1993 ሥራ ጀመረ። የመጀመሪያው ከ11 ሜጋ ዋት ትንሽ የበለጠ ሲሆን፣ ሁለተኛው ከ70 በላይ ነበር። ከዚያ የ1994 ክረምት በአገሪቱ ብዙ ክፍል ደካማ ሆነ። ለመብራት የሚወጣው ውኃና የዝናቡ እጥረት ተደራርበው ሐይቁ በሰኔ 1995 ከባሕር ወለል በላይ 1784.5 ሜትር ገደማ ደረሰ፤ ከተመዘገበው ሁሉ ዝቅተኛው ነው። ጀልባዎች በደኅና ለመሄድ 1785 ሜትር ስለሚያስፈልጋቸው ለአራት ወር ያህል ቆሙ። ደንገል ደረቀ፤ ገበሬው የሐይቁን ወለል እያረሰ ገባ። የደሴት ሰው ደሴቱ ላይ ቀረ።

ሁሉም ሰው ስለ ሐይቁ የጮኸው በዚያ ሰኔ ነው። ግራፉን እናንብብ እንግዲህ። በዝቅተኛው ነጥብ ላይ ስሎፑ ዜሮ ነው፤ ሐይቁ በዚያ ቀን መውረድ አቁሟል። ጉዳቱ የተሠራው ከዚያ በፊት ባሉት ወራት፣ ከፍታው ገና «ደኅና» በሚመስልበት፣ መስመሩ ግን ቁልቁል በሚወርድበት ጊዜ ነው። ከፍታን የሚያይ ዓይን ኅዳር ላይ ሙሉ ሐይቅ አየ። ስሎፕን የሚያይ ዓይን ያንኑ መስመር በእርሳስ አስረዝሞ ሰኔ የት እንደሚውል ሊያነብ ይችል ነበር። የባይክነር ተፈታኞች የወደቁበት ሁለተኛው ስሕተት ይህ ነው፤ እዚህ ግን የጠፋው ማርክ ብቻ አልነበረም።

ደግሞ ስለ ቋሚው መስመር። ያንኑ የ1995ን ውድቀት ከባሕር ወለል፣ ከዜሮ ጀምሮ የሣለው ሰው ቀጥ ያለ መስመር ያወጣል፤ ከ1,786 ሜትር ውስጥ ሁለት ሜትር ምን ሊታይ! ከ1784 ጀምሮ የሣለው ደግሞ ገደል ያወጣል። ሁለቱም አልዋሹም። ሐይቁ ግን ጥልቁ ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው፤ ዳሩ ደግሞ እጅግ ገር ስለሆነ አንድ ሜትር ሲወርድ ውኃው ከመንደሩ ብዙ ይሸሻል። ስለዚህ ግራፍ በታየ ቁጥር ከመስመሩ በፊት በቋሚው ግርጌ የተጻፈችውን ቁጥር ማየት ያስፈልጋል።

ከግንቦት 2002 ወዲህ ሐይቁ ሁለተኛ መውጫ አለው። 12 ኪሎ ሜትር ያህል በሚረዝም ዋሻ ውኃው ወደ በለስ ወርዶ የ460 ሜጋ ዋት ጣቢያ ያንቀሳቅሳል። የመስመሩ ስሎፕ እንግዲህ የብዙ ነገር ድምር ነው፤ አራቱ ወንዞችና በሐይቁ ላይ የሚዘንበው ዝናብ ይጨምሩበታል፣ ትነት፣ ጨረጨራና በለስ ይቀንሱበታል። በመስከረም፣ ከተማው በዓል ላይ ሳለ፣ ሐይቁ ጢም ብሎ ሞልቶ ስሎፑ ዜሮ ይሆናል። በማግሥቱ ከዜሮ በታች ይገባል፤ በቀን ጥቂት ሚሊ ሜትር።